ሁለተኛ የሚጠይቅ የሌለበት ሜዳ

እኔ ሰው መናቅ የማውቅ ልጅ አልነበርኩም። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኔን ዝቅ አድርጌ የምሰማ፣ ሳይጠሩኝ «አቤት» ለማለት የምዘጋጅ፣ አስተማሪ አንድ ገጽ ሲያዝ ሁለት ገጽ ጽፌ የማስረክብ ልጅ ነበርኩ። አሁን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጠባዬም ብዙ አልተለወጠም። ነገር ግን ባለፈው ነሐሴ፣ ትምህርት ልጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ ዛፍ በማይቆምበት የምድር ጫፍ ላይ የማከብረውን ሰው ናቅኩ። ንቀቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እኔም እንዲለቀኝ አልጸለይኩም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ፣ በጋሼ ጌታነህና በባለቤታቸው በእትዬ አመለወርቅ ቤት ነበር። እናቴ በላይነሽ የእትዬ የአክስት ልጅ ነበረች፤ አብረው ነው ያደጉት። እናቴ ስትሞት ወረቀቴን አስጨርሰው ያስመጡኝ፣ ከዚያ በኋላም ከልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው።

ጋሼን የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የማያውቃቸው ሐበሻ የለም። በፓርኪንግ ሠራተኝነት ጀምረው ዛሬ የራሳቸው የፓርኪንግ ቦታዎች አሏቸው። ይህ ያስከብራል፤ እኔም አከብራቸው ነበር። ግን «የመጀመሪያው ሐበሻ» የሚባል በሽታ ነበረባቸው። በሰፈራችን ቤት የገዛ የመጀመሪያው ሐበሻ፣ በባትሪ የሚሄድ መኪና የነዳ የመጀመሪያው ሐበሻ፣ ጎልፍ የተጫወተ የመጀመሪያው ሐበሻ፣ ሁሉም እሳቸው ናቸው። እውነት ይሁን አይሁን ያጣራ ሰው አላየሁም። ፌርፋክስ ላይ ባለገንዘብ ሲናገር ይጨበጨባል እንጂ አይጣራም።

አንድ እሑድ ዘወትር በሚቀመጡበት ምግብ ቤት ውስጥ ብድግ አሉና፣ «አርክቲክን የረገጠ ሐበሻ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ከጥግ የተቀመጠ አንድ ታክሲ ነጂ፣ «ጋሼ፣ ብርድ ከሆነ የፈለጉት እዚሁ የሥጋ ፍሪጁ ውስጥ ማን ከለከለዎት?» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ አልሳቁም። በዚያው ሳምንት መንገደኞችን ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚወስድ መርከብ ላይ ለራሳቸው፣ ለእትዬና ለልጃቸው ለዮናስ ቦታ ያዙ። ዮናስ በሥራ ምክንያት ካንስል አደረገ።

«ሪፈንድ የለውም፤ ሶ አንቺ ትሄጃለሽ» አሉኝ ጋሼ። «ሥራሽ ፎቶ ማንሳት ነው። እኔ ስረግጥ እንዳያመልጥሽ።»

እትዬ ግን መሄድ አልፈለጉም። ብርድ አይወዱም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጉዞውም በፍልሰታ ጾም ላይ ነበር።

«ኧረ እኔ ይቅርብኝ፤ እናንተ ሂዱ» አሉ።

ጋሼ እንደገና ለመኑ። እትዬ እንደገና እንቢ አሉ። ጋሼ በሦስተኛው፣ «ሚስቱን ጥሎ ሄደ ልታስብይኝ ነው?» አሉና እትዬ ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺታ ሆኖ ተቆጠረ።

ይህን አስታውሱልኝ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዳ «ብላ» ሲባል «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ አስጨንቀው ይለምኑታል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። እትዬ አመለወርቅ የዚህ ነገር ሊቅ ናቸው። ቤታቸው የመጣ ሰው «አይ» ብሎ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም፤ እሳቸውም ሰው ቤት ሄደው በመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ እንኳ ተቀብለው አያውቁም። ጋሼም ይህን ያውቃሉ። ሲፈልጉ ያውቃሉ።

መርከቡ የሚነሳው ከኖርዌይ በስተሰሜን ካለው ከስቫልባርድ ደሴቶች ነው። ገና ከአውሮፕላን ወርደን የሆቴላችን በር ላይ ስንደርስ፣ መወልወያ የያዘች ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት አየችንና ጮኸች።

«ውይ! ሐበሾች ናችሁ አይደል? እንኳን ደህና መጣችሁ!»

ጋሼ እንደ ድንጋይ ቆሙ። ሴትየዋ እዚያ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እትዬን አቅፋ ሳመችና ጓንታቸውን ዳበሰች።

«ይሄ አይሆንም እናቴ፤ የኔን ውሰጂ።»

«አይ፣ ግዴለም፣ አንቺስ ምን ልታደርጊ?»

«ውሰጂ ብያለሁ!» ብላ በግድ አጠለቀችላቸው።

ጋሼ ወደ ክፍላችን ስንወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ከተማ ነው፤ ከተማ አይቆጠርም። እኛ የምንሄደው ሜዳው ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ ስንመለስ የዚችን ሴትዮ ነገር አታንሱ» አሉን። እኔም «እሺ ጋሼ» አልኩ። ያኔ ገና አከብራቸው ነበር።

መርከቡ ላይ የነበሩት መንገደኞች አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባለጸጎች ናቸው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀይ ጃኬት ተሰጠን። ሲበሉ የሚያወሩት የትኛውን የምድር ጫፍ አይተው የትኛው እንደቀራቸው ነው፤ ምድርን እንደ ቡፌ ነበር የሚዞሯት። ጋሼ ወዲያው ተመቻቸው።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ደኅንነት ገለጻ ተደረገልን። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳው ላይ ነጭ ድብ ስለሚኖር ከፊትና ከኋላ ጠብመንጃ የያዙ መሪዎች ይሄዳሉ፤ ጉዞ የጀመረ ቡድን አይከፈልም፤ አንድ ሰው ከተመለሰ ሁሉም ይመለሳል። የመርከቡ ሐኪም ደግሞ ስለ ብርድ አስረዳ። «የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ እየታገለ ነው» አለ። «የምፈራው መንቀጥቀጡን ያቆመውን ነው። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ማውለቅ ከጀመረ ጊዜ የለም።» እኔ ቃሉን በሙሉ ያዝኩት። ጋሼ ባንዲራቸውን እያጣጠፉ ነበር።

በማግስቱ በጎማ ጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ቱንድራ የሚሉት ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት ያረጀ፣ ያደፈ ምንጣፍ ይመስላል። ሲረግጡት ግን ውኃ እንደጠጣ ፍራሽ እግር ይውጣል። ከሥሩ መቼም የማይቀልጥ በረዶ አለ፤ ከላይ ሽበትና ሻጋታ የሚመስል ቅጠል፣ መሐል መሐል ላይ ደግሞ የጥፍር ያህል ሐምራዊ አበባ። መሪያችን ኢንግሪድ የምትባል ቀጭን ወጣት ሴት ናት። ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ነገር አሳየችንና ዛፍ ነው አለችን። ነፋሱ ከዚያ በላይ እንዲያድግ አይፈቅድለትም።

እዚያው ዳር ላይ በሦስት ተከፈልን። ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣ፣ መካከለኛና በባሕሩ ዳር ብቻ የሚንሸራሸር። እትዬ ባሕሩ ዳር ወደቆሙት አሮጊቶች ሲያመሩ ጋሼ ክንዳቸውን ያዙ።

«ወዴት ነው? ጫፉ ላይ አብረሽኝ ካልቆምሽ ፎቶው ምን ትርጉም አለው?»

ኢንግሪድ የእትዬን እርምጃ አየችና ጠጋ ብላ፣ «መንገዱ ረጅም ነው፤ እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀች። እኔ አስተረጎምኩ።

እትዬ ፈገግ ብለው፣ «ደህና ነኝ፤ ግዴለም» አሉ። ኢንግሪድ አውራ ጣቷን አሳይታ ሄደች። በሷ አገር «ደህና ነኝ» ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው።

መንገዱ መሐል ላይ የበረዶ ውኃ የሚያወርድ ወንዝ አለ። ሰፊ አይደለም፤ በድንጋዮቹ ላይ እየተረገጠ ይሻገሩታል። ኢንግሪድ ፊቷን አዙራ አንድ ሽማግሌ በማሻገር ላይ ሳለች የእትዬ እግር ተንሸራተተ። እስከ ጭናቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ጮኹ፤ ወዲያው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ስቤ አወጣኋቸው። ጀልባው ላይ ስንሳፈር ጋሼ ስላቻኮሏቸው ከቦት ጫማው ውጭ መዋል የነበረበትን የላይኛውን ሱሪያቸውን ጫማው ውስጥ ከተውት ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ጫማዎች እንደ ባልዲ ሞሉ። ከላይ ግን ውኃ የማያስገባው ሱሪ ምንም አያሳይም።

ኢንግሪድ ሮጣ መጣች። «ውኃ ገባብዎት? ከፈለጉ እንመለሳለን። አሁኑኑ ጀልባ እጠራለሁ።»

ሁሉም ሰው ቆሞ አየን። ትልቅ ካሜራ የተሸከመ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን ተመለከተ። እትዬ አዩት። ያን ሁሉ ሰው ሊመልሱ ነው! በእሳቸው ምክንያት! በባዕድ አገር!

«አይ፣ አይ፣ ምንም አልሆንኩም። እባክሽ አትቸገሪ።»

ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ «ጠንካራ ናት፤ የተራራ አገር ሴት ናት» ብለው ሳቁ።

«ኦኬ» አለች ኢንግሪድ። «ሐሳብዎን ከለወጡ ይንገሩኝ።» ዞራ ሄደች።

የእትዬ ዓይን የልጅቷን ጀርባ ተከትሎ ሲሄድ አየሁ። እስክትመለስ እየጠበቁ ነበር። እንደገና እስክትጠይቃቸው። በሁለተኛው «ትንሽ በረደኝ» ሊሉ፣ በሦስተኛው ሊመለሱ። ልጅቷ ግን አልዞረችም። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ማለቴ፣ አንድ ነበረ።

«ጋሼ» አልኳቸው ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ ጫማቸው ውኃ ሞልቷል። መመለስ ነው የፈለጉት።»

«ደህና ነኝ አለች አይደል እንዴ? አልሰማሽም?»

«እንደሱ የሚሉት . . .»

«ሳምራዊት! ሰው ፊት አታዋርጂን። እሷ ያላለችውን አንቺ አትጨምሪ።»

እትዬም፣ «ተይ ልጄ፤ ትንሽ ስሄድ ይሞቀኛል» አሉኝ። የደረብኩትን ካልሲዬን ላውልቅላቸው ብዬ ጎንበስ ስል ገፉኝ።

ቀጠልን። አቀበቱ ላይ ነፋሱ ባሰ። እትዬ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ እጄን አጥብቀው ይዘው ይራመዱ ነበር። ጋሼ ወደ ፊት አልፈው ባለካሜራውን ሰውዬ ስለ ፓርኪንግ ያጫውቱታል። አንድ ጊዜ ዞር ብለው፣ «አይዞሽ አሙዬ፣ ደረስን!» አሉ። አይዞሽ ለማለት ጊዜ ነበራቸው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ባሕሩ ከሥር ግራጫ ሆኖ ተዘረጋ። ሰው ሁሉ ስልኩንና ካሜራውን አወጣ። ጋሼ ባንዲራውን ዘርግተው፣ ለሰልፊ የገዙትን ዘንግ እንደ ምሰሶ ከድንጋይ መሐል ተክለው ተጣሩ።

«አሙዬ፣ ነይ በግራዬ ቁሚ። ሳምራዊት፣ ባንዲራው በሙሉ ይግባ።»

እትዬን ወስጄ አቆምኳቸው። ስልኬን አነሳሁ። በስክሪኑ ውስጥ ሳያቸው አንድ ነገር ልክ አልመሰለኝም። እትዬ አይንቀጠቀጡም። ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ አመድ ነው።

«ይኸው፣ ሞቃት» አሉ ጋሼ። «ሳቂ እንጂ አሙዬ!»

እትዬ የዚያችን የሆቴል ሴትዮ ጓንት አንድ በአንድ አውልቀው ጣሉት። ቀጥለው የጃኬታቸውን ዚፕ ይታገሉ ጀመር። ወደ እኔ አዩ።

«በላይነሽ» አሉኝ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ይሄን ጋቢ አንሺልኝ እስቲ። ሞቀኝ።»

የጠሩት እናቴን ነው። የሞተችውን እናቴን።

ስልኬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። «ኢንግሪድ!» ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ደህና አይደሉም! ወንዙ ጭናቸው ድረስ ውጧቸው ነበር! ደህና ነኝ የሚሉት እንደገና እንድትጠይቂያቸው ነው!»

«ዝም በይ!» አሉ ጋሼ በአማርኛ። «ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የምታሳብጂን? ፎቶውን አንሺና እንወርዳለን!»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዝም ይበሉ።»

አንቱታዬን አልተውኩም። ግን ከዚያ በፊት ለትልቅ ሰው ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ኢንግሪድ አንድ ጊዜ የእትዬን ፊት አየችና በሬዲዮ መናገር ጀመረች። ሌላኛው መሪ ከጀርባው ቦርሳ ነፋስ የሚከልል ትልቅ ከረጢት አወጣ። እትዬን አስተኝተን ቦታቸውን ከለልን፤ እርጥቡን አወለቅን። ከጫማቸው ውኃው ሲፈስ ኢንግሪድ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አንዲት አሮጊት ሱሪዋን፣ ሌላዋ ካልሲዋን ሰጠች። ያ ሰዓቱን የተመለከተው ባለካሜራ እንኳ ጃኬቱን አውልቆ ወረወረልን። እኔ ከረጢቱ ውስጥ ገብቼ እትዬን ታቀፍኳቸው። ገላቸው እንደ እርጥብ ሸክላ ነበር። «እትዬ፣ አይተኙ» እላቸዋለሁ። «እንዴት አደርሽ በላይነሽ» ይሉኛል። እለምናለሁ፤ ማንን እንደምለምን አላውቅም። ደጋግሜ ጠየቅኳቸው፣ «በረደዎት? እትዬ፣ በረደዎት?» ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«አዎ» አሉ። «በጣም።»

ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መንቀጥቀጥ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ።

አሁን የምነግራችሁን ስሙ። ከከረጢቱ ራሴን ሳወጣ፣ ጋሼ ከእኛ ጥቂት ርቀው ባንዲራቸው አጠገብ ቆመው ነበር። ደረታቸውን ነፍተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። ባለካሜራውን ሰውዬ ጃኬት አልባ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ «አንድ ብቻ፤ ፈጠን በል» ይሉታል። ሰውዬው ግራ ገብቶት አነሳቸው።

ያን ጊዜ ናቅኳቸው። አልጮኽኩም፤ አልተናደድኩም። ንዴት ይበርዳል። ይሄ አንድ ነገር ከውስጤ ወልቆ እንደመውደቅ ያለ ነበር። ሎስ አንጀለስ ወጥ ቤት ውስጥ የእትዬን «አይ» ሦስት ጊዜ ለምነው የሻሩት ሰው ናቸው። ያ «አይ» እውነተኛ ነበር፤ እሳቸው ወግ አደረጉት። ወንዙ ላይ የተባለው «ደህና ነኝ» ወግ ነበር፤ እሳቸው እውነት አደረጉት። ቋንቋችንን የማታውቀው ልጅ ብትሳሳት አይፈረድባትም። እሳቸው ግን ያውቃሉ። አብረዋቸው አርጅተዋል።

መርከበኞች ቃሬዛ ይዘው ወጡ። እትዬ መርከቡ ላይ ሐኪሙ ዘንድ ሁለት ቀን ተኙ። ጋሼ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ራስጌያቸው ይቆማሉ። «አስደነገጥሽን እኮ!» ይላሉ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የግራ እግራቸው ጣቶች እስከ ዛሬ አይሰማቸውም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ንቀት ጥሩ አይደለም፤ ይቅር በያቸው» ብላኛለች። ቤተ ክርስቲያንም የተማርኩት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ትልቅ ሰውን ማክበርና ትልቅ ሰውን መፍራት አንድ የመሰለኝ ጊዜ ስንት እንደነበር ሳስብ፣ ንቀቱ ከፍርሃቴ እንዳዳነኝ ይሰማኛል። እንግዳ ሆናችሁ ብትመጡብኝ አሁንም ሦስት ጊዜ እለምናችኋለሁ፤ ወጉን እወደዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሰውን የሚያሞቅ ነገር ነው። ግን እናንተ ከጠየቃችሁኝ በመጀመሪያው እነግራችኋለሁ። እናንተም እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ በሰው አገር ሆና «ግዴለም» የምትልን ሴት ሁሉ እንደገና ጠይቋት። ማንም እዚያ አይጠይቃትም።

ከተመለስን በኋላ ጋሼ የተለመደው ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ሰብስበው ፎቶውን በትልቁ ቴሌቪዥን አሳዩ። ከዚያ በፊት ባለካሜራው በእኔ ኢሜል ልኮት ነበር። ጋሼ፣ «በግራ በኩል ያለውን ቁረጪው» ብለውኛል። እኔም «እሺ» አላልኩም። አልቆረጥኩም። እሳቸው ደግሞ የታዘዝኩ መስሏቸው አላዩትም።

ፎቶው ሲወጣ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ጋሼ በቀኝ በኩል ከባንዲራው ጋር ደረታቸውን ነፍተዋል። በግራ በኩል ቀይ ጃኬት የለበሱ ሰዎች መሬት ላይ ተደፍተዋል። ያ ታክሲ ነጂ ጣቱን ቀሰረ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ጎንበስ ያሉት ምን እየሠሩ ነው?»

ጋሼ ዓይናቸው አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ ሄደ። «እነሱ? አበባ እያዩ ነው» አሉ። «እዚያ አገር ትንንሽ አበባ አለ፤ ጎንበስ ካላልክ አይታይም።»

ሰው ተደነቀ። «ታዲያ እትዬስ የት አሉ?» አለ ታክሲ ነጂው።

እትዬ ከጋሼ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ።

«አበባዋ እኔ ነኝ» አሉ። «ሲበርደኝ ነው።»

ጭብጨባ የለ፣ ሳቅ የለ። አስተናጋጇ የምታደርገው ቢጠፋት ሻይ ይዛ ወደ እትዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ትንሽ ልጨምርልዎት?»

ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ልመናውን ልጀምር ተዘጋጀሁ፤ «ኧረ ይጨምሩ፣ ምን ችግር አለው» ልል።

«አዎ» አሉ እትዬ፣ በመጀመሪያው። «ትኩሱን አድርጊልኝ።»